ቁስል ሲያመረቅዝ፦ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት

በነቀምቴ መንገድ ከአዲስ ዓለም ተነስተው በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ በኩል እስከ ባኮ ቢጓዙ ቁስል የማያውቀው ቤት አያገኙም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማጭድ ጣት ይቆርጣል። ክረምት ላይ በባዶ እግሩ ጭቃ የሚረግጠውን ገበሬ እሾህ ወይም ሚስማር ይወጋዋል፤ እንጨት ፈላጩን መጥረቢያ ያመልጠዋል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚያደርሱት ጉዳት አለ፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት የሆዷ ስፌት አለ። አብዛኛው ቁስል በወጉ ከተያዘ ያለ አንቲባዮቲክ ይጠግጋል። ጥቂቱ ግን ያመረቅዛል፤ ካመረቀዘው ውስጥም ትናንት ይሠራ የነበረው እንክብል ዛሬ የማይፈይድለት አለ። ይህ መመሪያ የሚከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ መድኃኒት ከተላመደ ባክቴሪያ ጋር በሚደረገው ትግል ወሳኙ ሥራ የሚሠራው አንቲባዮቲኩ ከመዋጡ በፊት ነው። ማጠብ፣ መግል ማስወጣት፣ መሸፈንና ናሙና መስጠት ይቀድማሉ። መድኃኒት በእነዚህ ላይ ይጨመራል እንጂ እነዚህን አይተካም። እኛ ዘንድ ግን ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ካፕሱል፣ ካልሆነ ሌላ ካፕሱል፣ ከዚያ መርፌ፣ ሁሉም እንቢ ሲል ሆስፒታል።

ቅደም ተከተሉ ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት መላመድ እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። መድኃኒቱን የሚለምደው የሰውየው አካል አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። በአንድ ቁስል ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ሲኖሩ ጥቂቶቹ በተፈጥሯቸው መድኃኒቱን የሚቋቋሙበት መላ ይኖራቸዋል። አንዳንዱ ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርታል፤ ሌላው መድኃኒቱ የሚያጠቃውን የአካሉን ክፍል ይለውጣል። አንቲባዮቲክ ሲመጣ ደካማዎቹ ይሞታሉ፣ የሚቋቋሙት ሰፊ ቦታ አግኝተው ይራባሉ፤ ይህንኑ መላ የያዘውን ዘረመል ለጎረቤት ባክቴሪያም ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ፔኒሲሊንን በ1928 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ ሰዎች መጠኑን አሳንሰው እየወሰዱ ባክቴሪያውን መድኃኒት ያስለምዱታል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ፔኒሲሊንን ለሚቋቋሙት እንዲሆን ሜቲሲሊን የተባለው መድኃኒት በ1959 ሥራ ላይ ዋለ፤ ገና 2 ዓመት ሳይሞላው፣ በ1961፣ እሱንም የተላመደ ስታፊሎኮከስ ኦሬስ የተባለ ባክቴሪያ እንግሊዝ አገር ተገኘ። በዓለም ደረጃ በ2019 ብቻ 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ እንደሞቱ ይገመታል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ ወደ ጅማ ይመልከት። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በ150 ታካሚዎች ቁስል ላይ ተሠርቶ በ2014 የታተመ ጥናት ከተገኙት ባክቴሪያዎች አንድ ሦስተኛው ያህል ስታፊሎኮከስ ኦሬስ፣ አንድ አምስተኛው ኢ. ኮላይ መሆናቸውን አሳይቷል። አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን በአብዛኞቹ ላይ አቅም አጥተው ነበር፤ ከ10 ባክቴሪያዎች ከ8 የሚበልጡት ከአንድ በላይ የመድኃኒት ዓይነት የተላመዱ ነበሩ። በ2016 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነ ትንታኔም ከስታፊሎኮከስ ኦሬስ አንድ ሦስተኛው ገደማ ሜቲሲሊንን የተላመደው ዓይነት እንደሆነ ገምቷል። እነዚህ ቁጥሮች ከሆስፒታል ታካሚዎች የተገኙ ናቸው፤ ሆስፒታል የሚደርሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የከፋው ቁስል ነው። ስለዚህ በጊንጪ ገበያ የተጫረ ጣት ሁሉ እንዲህ ያለ ባክቴሪያ ይዟል ማለት አይደለም። ነገር ግን መድኃኒት ቤት ሄደን በስም ጠርተን የምንገዛቸው አሞክሲሲሊንን፣ አምፒሲሊንንና ቴትራሳይክሊንን የመሰሉ እንክብሎች በቁስል ላይ በጭፍን ሲወሰዱ የመሥራት ዕድላቸው ምን ያህል እንደመነመነ ያሳያሉ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር። ቁስሉ እንደደረሰ ደም ካለ ንጹህ ጨርቅ ደርበው አጥብቀው ይጫኑት፤ በየመሃሉ ገለጥ እያደረጉ ሳያዩ 10 ደቂቃ ይቆዩ። ደሙ እየተረጨ የሚወጣ ከሆነ ወይም በመጫን ካልቆመ እጅዎን ሳያነሱ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ደሙ ሲቆም ግን የመመሪያው ዋና ሥራ ይጀመራል፤ ማጠብ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ከዚያ ቁስሉን በሚጠጣ ንጹህ ውሃ ለረጅም ጊዜ ያጥቡት። የቧንቧ ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ አፍልተው ያቀዝቅዙት። የሚጠጣ ንጹህ ውሃ ቁስል ለማጠብ በሆስፒታል ከሚዘጋጀው የጨው ውሃ እንደማያንስ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ንጽጽሮች አሳይተዋል፤ ስለዚህ ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ብዛትና ግፊት ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይውሰዱ፣ በደንብ አጥበው ንጹህ ውሃ ይሙሉት፣ መርፌ በእሳት አግለው ክዳኑን ሦስት አራት ቦታ ይብሱት፣ ክዳኑን ገጥመው ጠርሙሱን ጨመቅ ያድርጉት። ቀጭን ጠንካራ ፈሳሽ ይወጣል፤ ያ ፈሳሽ አፈሩን፣ የገለባውን ስብርባሪና ከቁስሉ ሥጋ ጋር ገና ያልተጣበቀውን ባክቴሪያ ጠርጎ ያወጣል። አንድ ሊትር ይጨርሱበት፤ አፈር የገባበት ከሆነ ሁለት። ባክቴሪያ በቁስሉ ላይ ከሰነበተ በዙሪያው እንደ ንፍጥ ያለ መከለያ ይሠራል። እዚያ ውስጥ ከገባ ደግሞ፣ መድኃኒት ባይለምድ እንኳ፣ አንቲባዮቲክ በቀላሉ አይደርስበትም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ በውሃ የወጣ ባክቴሪያ ግን የፈለገውን መድኃኒት የተላመደ ቢሆን ወጥቷል። መላመድ ከውሃ አያድነውም። ይህ ነው ማጠብን ከሁሉ የሚያስቀድመው።

አልኮልና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በክፍት ቁስል ውስጥ አይጨምሩ፤ ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን ቁስሉን የሚጠግነውን ሕያው ሥጋም ያቃጥላሉ። ቡና፣ ቅቤ፣ እበት፣ የጥርስ ሳሙና፣ የተወቀጠ ቅጠልም እንደዚሁ ይቅርብዎት። በተለይ እንዲተዉት አጥብቄ የምለምነው ግን የካፕሱል ዱቄትን ነው። ቴትራሳይክሊን ወይም አምፒሲሊን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ዘመናዊ መድኃኒት ስለሆነ ከቡናና ከእበት የተሻለ ይመስላል። በመላመድ ረገድ ግን የባሰ ነው። ዱቄቱ በውል ባልታወቀ መጠን፣ አንዱ ቦታ ብዙ ሌላው ቦታ ጥቂት እየሆነ ይቀልጣል፤ ባክቴሪያውን ለመግደል የማይበቃ፣ ለማስለመድ ግን የሚበቃ መጠን ፈጥሮለት ይሄዳል። በላዩ ላይ የሚደርቀው ቅርፊት ደግሞ ሥር ያለውን መግል ይሰውራል። ፍሌሚንግ ያስጠነቀቀበትን ነገር በገዛ ቤታችን እንደመሥራት ነው።

«አያቶቻችን በዚህ ሁሉ ድነዋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ በንቀት የሚታለፍ መልስም አይደለም። የዳኑት ድነዋል። ነገር ግን ትንሽ ቁስል በራሱ የሚድን በመሆኑ ምንም ነገር ቢቀቡት የመዳኑ ምስጋና ለተቀባው ነገር ይሄዳል። በመንጋጋ ቆልፍ የሞተው ደግሞ ምስክር ሊሆን አይችልም። የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋስ በአፈርና በእበት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በጊንጪ ጥቁር አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለሚሠራ ሰው ይህ የየቀኑ ስጋት ነው። ከባህላዊው መድኃኒት መካከል ለማር የተለየ ቦታ መስጠት ተገቢ ነው፤ ለሕክምና ተብሎ የተጣራ ማር በተለይ ላይ ላዩን ለተቃጠለ ቆዳ እንደሚረዳ ማስረጃ አለ። ከገበያ የተገዛ ወይም ከቀፎ የወጣ ማር ግን አልተጣራም፣ የተህዋስያን ዘርም ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ጥልቅ ቁስል ውስጥ አይጨመርም። አምቦን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፦ በፍል ውሃው ገንዳ ብዙ ሰው ስለሚታጠብ፣ ርጥበት ወዳድ የሆኑ እንደ ሱዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎችም በእንዲህ ያለ ቦታ ስለሚመቻቸው፣ ክፍት ቁስል ይዘው ገንዳ ውስጥ አይግቡ። ጠበል የሚጠመቁ ምእመናንም ቁስሉን በላስቲክ ሸፍነው መጠመቅ ይችላሉ፤ እምነትንና ቁስል መጠበቅን የሚያጋጭ ነገር የለም።

የታጠበውን ቁስል ይሸፍኑት። «አየር ይውሰደው» የሚለው ምክር ከልብ የሚሰጥ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ የተሸፈነና በመጠኑ የረጠበ ቁስል ከደረቀው ፈጥኖ ይጠግጋል፣ ዝንብና አቧራም አያገኘውም። ቫዝሊን በስሱ ቀብተው ጎዝ ያድርጉበትና በፋሻ ያስሩት። ጎዝ ከሌለ ታጥቦ የተቀቀለና ፀሐይ ላይ የደረቀ የነጠላ ቁራጭ ይሆናል። በየቀኑ፣ ከዚያም በፊት ከራሰ ወይም ከቆሸሸ፣ ይቀይሩት። ከመቀየርዎ በፊትም በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የወጣውን ጎዝ ልጆች በማይደርሱበት ያቃጥሉት ወይም ይቅበሩት። ጥልቅ ወይም አፈር የገባበት ቁስል ከሆነና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ 5 ዓመት ካለፈዎት፣ ወይም መቼ እንደወሰዱ ካላስታወሱ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ይከተቡ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውሃ ይጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሂድ። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው መከታተል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ማንኛውም ቁስል በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ትንሽ ያብጣል፣ ትንሽ ይሞቃል፣ ትንሽ ያማል፤ ይህ ሰውነት ሥራውን እየሠራ ስለሆነ እንጂ ስላመረቀዘ አይደለም። በቁስሉ ወለል ላይ የሚታይ ቢጫ ስስ ነገርም ሁልጊዜ መግል አይደለም። ልዩነቱ በአቅጣጫው ነው፤ ጤናማ ቁስል በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ያመረቀዘ እየጨመረ ይሄዳል። የሕክምና መጻሕፍት «መቅላት» የሚሉት ምልክት በጠይም ቆዳ ላይ በግልጽ ላይታይ ይችላል፤ በምትኩ ቆዳው መጥቆሩን፣ መወጠሩንና ማንጸባረቁን ይመልከቱ። የእጅዎን ጀርባ ቁስሉ አጠገብ ያሳርፉ፣ ከዚያ በሌላኛው እግር ወይም እጅ ላይ በተመሳሳይ ቦታ ያሳርፉና ሙቀቱን ያወዳድሩ። እብጠቱ የሚያልቅበትን ዳርቻ በእስክሪብቶ ያስምሩት፣ ሰዓቱንም አጠገቡ ይጻፉ። በማግስቱ እብጠቱ መስመሩን ካለፈ ጥርጣሬ አያስፈልግም፤ ይሂዱ። ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት፣ በብብት ወይም በብሽሽት ንፍፊት መውጣት፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር፣ መጥፎ ሽታ፣ ከቁስሉ መጠን ጋር የማይመጣጠን ከባድ ሕመም ሲኖር ደግሞ ማግስቱንም አይጠብቁ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ላይ የወጣ ማንኛውም ቁስል፣ የቀዶ ሕክምና ስፌት፣ መገጣጠሚያና ዓይን አካባቢ ያለ ቁስል፣ የጨቅላ ሕፃን ቁስል በመጀመሪያው ምልክት መታየት አለባቸው።

መግል የቋጠረ ብጉንጅ ወይም እብጠት ከሆነ መፍትሔው ስለት ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ በንጽህና ተከፍቶ መግሉ ይፈሳል፤ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ሕክምና ይኸው ነው፤ ትንሹ ብጉንጅ ከዚያ በኋላ አንቲባዮቲክ ላያስፈልገው ይችላል። ደም በሌለበት የመግል ከረጢት ውስጥ መድኃኒት በበቂ መጠን አይገባም፤ ስለዚህ ሳይከፈት የሚዋጠው እንክብል ብጉንጁን ሳይነካ በአንጀትና በቆዳ ላይ ያሉትን ሌሎች ባክቴሪያዎች ያስለምዳል። ቤት ውስጥ ግን በምላጭም በጣትም አይክፈቱት፣ አይጭመቁትም።

አሁን መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ደርሰናል። በኢትዮጵያ አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ ብቻ መሸጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ በተግባር ያለውን ግን ሁላችንም እናውቃለን። በጎንደር ደንበኛ መስለው ፋርማሲ የገቡ አጥኚዎች ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ በተደጋጋሚ ተሽጦላቸዋል፤ አምቦ የተለየች ናት ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ የገንዘብና የጊዜ ነው። ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ለሚመጣ ገበሬ ጤና ጣቢያ መሄድ ማለት ትራንስፖርት፣ ካርድ ማውጣት፣ ወረፋና የአንድ ቀን ሥራ ማጣት ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ግን ከገበያው ዳር አለ፣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ይህ ስሌት የድህነት ስሌት ነውና ማንንም አልወቅስበትም። ሆኖም እስከ መጨረሻው ይሰላ። የማይሠራ እንክብል ዋጋ፣ ከዚያ የሁለተኛው ዋጋ፣ ከዚያ ለቀናት የመርፌ መመላለሻ፣ በመጨረሻም ቁስሉ ወደ አጥንት ከዘለቀ የሆስፒታል አልጋ፣ አስታማሚና ሥራ የፈታ በሬ። ቀድሞ አንድ ቀን መክፈል ይረክሳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ ደግሞ መታወቂያዎን ይዘው በጤና ጣቢያ በኩል ይሂዱ፤ የሪፈራል ሥርዓቱን ጠብቀው ከሄዱ የሕክምናው ወጪ ይሸፈናል፣ መድኃኒት ቤት ገብተው በራስዎ የሚገዙት ግን ከኪስዎ ነው። የግድ መድኃኒት ቤት ከገቡም «ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ስጡኝ» አይበሉ። ቁስሉን ያሳዩና «ይህ መድኃኒት ያስፈልገዋል ወይስ ሐኪም ማየት አለበት?» ብለው ይጠይቁ። ጥሩ ፋርማሲስት ይህን ጥያቄ ሲሰማ ከሻጭነት ወደ ባለሙያነት ይመለሳል፤ ጎዝና ፋሻ ሸጦ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመራዎት ትልቅ ውለታ ውሎልዎታል።

«ጠንከር ያለ» የሚለው አስተሳሰብ ራሱ መታረም አለበት። መርፌ ከእንክብል ይበልጣል፣ አዲሱ ከአሮጌው ይበልጣል የሚል እምነት ሥር የሰደደ በመሆኑ ሴፍትሪያክሶን በብዙ ቦታ ለሁሉም ነገር የሚታዘዝ መርፌ ሆኗል። ግን ሱዶሞናስ በሚባለው፣ አንዳንድ ጊዜ ቁስሉን አረንጓዴ በሚያደርገው ባክቴሪያ ላይ ሴፍትሪያክሶን አይሠራም፤ ሜቲሲሊንን የተላመደውን ስታፊሎኮከስም አይነካውም። ሜቲሲሊንን ባልተላመደው ስታፊሎኮከስ ላይ ደግሞ ርካሹ የክሎክሳሲሊን ካፕሱል ከእሱ የተሻለ ምርጫ ነው። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ጠንካራ የሚባለው ከያዘዎት ባክቴሪያ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲከፍል አሞክሲሲሊንንና ክሎክሳሲሊንን በቅድሚያ ከሚታዘዙት፣ ሴፍትሪያክሶንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን በጥንቃቄ ሊያዙ ከሚገባቸው ወገን አስቀምጧል፤ ሦስተኛው ወገን ሌላ ሁሉ ሲያቅት የሚወጣ ነው። ሁለተኛውን ወገን ለጣት ቁስል ከጨረስነው ለደም መመረዝና ለማጅራት ገትር የሚተርፈን ትንሽ ነው።

ታዲያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገጥም እንዴት ይታወቃል? ካልቸር በሚባለው ምርመራ። ሁሉም ቁስል ካልቸር አያስፈልገውም፤ ያላመረቀዘ ቁስል ላይ ናሙና መውሰድ ቆዳ ላይ የሚኖረውን ምንም የማይጎዳ ባክቴሪያ አሳይቶ ወደ አላስፈላጊ መድኃኒት ሊመራ ይችላል። በመድኃኒት ያልተሻለ፣ ጥልቅ የሆነ፣ ተደጋግሞ የሚመለስ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዘ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ላይ የወጣ ቁስል ግን ያስፈልገዋል። ጤና ጣቢያው ወደ አምቦ አጠቃላይ ሆስፒታል ወይም ወደ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ከላከዎት ሐኪሙን በቀጥታ ይጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ካልቸር ያስፈልገኛል? እዚህ ይሠራል ወይስ ናሙናው ወደ ሌላ ቦታ ይላካል?» በአማርኛ መግለጽ ካስቸገረዎት በአፋን ኦሮሞ ይጠይቁ፣ ማብራሪያውንም በእሱ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። እስከዚያ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ፓኬቱን ሳይቀር፣ ይዘው ይሂዱ፤ ያለ ማዘዣ የገዙት ቢሆንም አይደብቁ፤ የተደበቀ ካፕሱል የምርመራውን ውጤት ያሳስታል። ናሙናው ሁኔታው ከፈቀደ አዲስ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት። ላይ ላዩን ካለው መግል ሳይሆን ቁስሉ ከታጠበ በኋላ ከጥልቁ ሥጋ ይወሰዳል። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ሐኪሙ ውጤት ሳይጠብቅ መድኃኒት ይጀምርልዎታል፤ ውጤቱ ሲመጣ ያስተካክለዋል። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው።

ላብራቶሪው ውስጥ የሚሆነው ነገር ከሁሉ በላይ ያሳምናል። መዳፍ የሚያህል ክብ ሳህን ውስጥ ፈዛዛ ቢጫ፣ ጄሊ የሚመስል የባክቴሪያ ምግብ ይረጋል። ከቁስልዎ የወጣውና ለብቻው የተራባው ባክቴሪያ በላዩ ላይ እኩል ይቀባል። ከዚያ እያንዳንዳቸው በተለያየ አንቲባዮቲክ የተነከሩ፣ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ነጫጭ የወረቀት ክቦች ይቀመጡበትና ሳህኑ ሙቀት ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲወጣ ባክቴሪያው እንደ ጉም መላውን ሳህን ሸፍኖታል። በአንዳንዱ ወረቀት ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ባዶ ክብ አለ፤ ባክቴሪያው እዚያ መብቀል አልቻለም። በሌላው ወረቀት ዙሪያ ጉሙ እስከ ጠርዙ ተጠግቶ በቅሏል፤ ያ መድኃኒት ለእርስዎ ቁስል ከውሃ አይሻልም። ባለሙያው የጠራውን ክብ በማስመሪያ ለክቶ ውጤቱን ይጽፋል፤ «ኤስ» ይሠራል፣ «አር» ተላምዷል ማለት ነው። ናሙናው ከተሰጠ ጀምሮ ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ወረቀቱን ሲቀበሉ ኮፒ አስደርገው ከካርድዎ ጋር ያስቀምጡት፤ ቁስሉ ቢመለስ ወይም ሌላ ተቋም ቢሄዱ ቀጣዩ ሐኪም ከባዶ አይጀምርም። ውጤቱ ለሌሎችም ይጠቅማል፤ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በአገር አቀፍ ደረጃ መቃኘት የጀመረው በ2017 ነው፤ ለአንድ አካባቢ የሚስማማ የሕክምና መመሪያ የሚወጣውም እንዲህ ካሉ ውጤቶች ክምችት ነው።

መድኃኒቱ ከታዘዘ በኋላ ስንት ቀን እንደሚወሰድ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሆነና ምግብ ይቅደም አይቅደም ይጠይቁ። «የጀመሩትን አንቲባዮቲክ ይጨርሱ» የሚለው የቆየ ምክር በቅርብ ዓመታት በሐኪሞች መካከል ክርክር አስነስቷል፤ ለብዙ ሕመም አጭሩ ሕክምና ከረጅሙ እንደማያንስ፣ መድኃኒት አላግባብ ማርዘምም ራሱ መላመድን እንደሚያባብስ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ግን ሲሻልዎት በራስዎ ያቁሙ ማለት አይደለም፤ ቀኑን የሚያሳጥረው ያዘዘው ባለሙያ ነው፤ ያዘዘውን ሳያሳጥሩም ሳያስረዝሙም ይውሰዱ። የተረፈ ካለ ለጎረቤት አይስጡ፣ ለሚቀጥለው ቁስል አያስቀምጡ፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ ይመልሱት። ቀዶ ሕክምና የሚደረግልዎት ከሆነ ደግሞ ለመከላከያ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ስለት ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ መሆን እንዳለበት ይወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ያወጣው መመሪያ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለመከላከል ብቻ ተብሎ እንዳይቀጥል ይመክራል። ስለዚህ «ለምን አንድ መርፌ ብቻ?» ብለው አይከፉ።

ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ሰው ካለዎት የአስታማሚው እጅ የሕክምናው አካል ነው። እኛ አገር አስታማሚ ያጎርሳል፣ ያጥባል፣ ልብስ ይቀይራል፤ ከዚያ ተነስቶ የጎረቤቱን አልጋ ታማሚ ይደግፋል። ይህ ደግነት ግን በእጅ ላይ ባክቴሪያ ይዞ ከአልጋ ወደ አልጋ ያሸጋግራል፤ ከሦስት ጤነኛ ሰዎች አንዱ ያህል ስታፊሎኮከስ ኦሬስን አፍንጫው ውስጥ ሳያውቀው ይዞ እንደሚኖር ማስታወስ ይበቃል። ታማሚውን ከመንካትዎ በፊትና በኋላ ይታጠቡ፤ ሳሙና ከቤት ይያዙ። ፋሻውን ለማየት ብለው አይግለጡ። ጠያቂ አልጋው ላይ አይቀመጥ። ቁስሉን የምትቀይረው ነርስ እጇን ሳትታጠብ ብትመጣ «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ እጅ ለመታጠብ ውሃ ላምጣልዎት?» ማለት ነውር የለውም። ውሃ በማይገኝበት ክፍል ይህ ወቀሳ ሳይሆን እገዛ ነው።

ከብት ያለው ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠብቀዋል። ለላም የተገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊን ለሰው ቁስል አይውልም፣ የሰውም ለከብት አይውልም። የታከመች ላም ወተት የእንስሳት ሐኪሙ የነገረው ቀን ሳያልፍ አይጠጣም፣ አይሸጥም፤ በወተቱ የሚመጣው ትንሽ መድኃኒት በቤተሰቡ አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ያለማምዳል።

መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ያስመሩትን የእስክሪብቶ መስመር መመልከትዎን ይቀጥሉ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እብጠቱ ከመስመሩ ወደ ውስጥ መመለስ፣ ትኩሳቱም መውረድ አለበት። ካልሆነ ሌላ መድኃኒት ለመግዛት ሳይሆን ወዳከመዎት ሐኪም ለመመለስ ይነሱ፤ ሦስት ጥያቄም ይዘው ይሂዱ፦ ቁስሉ ውስጥ ያልወጣ መግል፣ እሾህ ወይም የሞተ ሥጋ ይኖር ይሆን? የካልቸር ውጤቱ ደርሷል? ስኳሬ ተለክቷል? ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ የከሸፈ የሚመስለው ከሦስቱ ለአንዱ መልስ ስላልተሰጠ ነው፤ እሾሁ ሲወጣ ያው መድኃኒት ሊሠራ ይችላል።